ሲሳፈሩ የተቆጠሩ፦ የታዝማኒያ የጉዞ ማስታወሻ

እሑድ ማታ፣ ጂሎንግ ወደብ

አጎቴ ገና ከሩቅ እንዳዩት «ይኼ መርከብ ነው ፎቅ ቤት?» አሉ። በኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ጉልምስናቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። መርከብ ማለት ለእርሳቸው ናፍጣ፣ ሙቀትና የቡና ከረጢት ነው። ስፒሪት ኦፍ ታዝማኒያ ግን በመቶ የሚቆጠር መኪና በሆዱ ውጦ፣ ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት በጀርባው አዝሎ የሚሄድ ጉድ ነው። ሜልበርን ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ጀምሮ ቤት መዋል ሰልችቷቸው «ባሕር እንኳ አንድ ቀን አሳየኝ እንጂ» ሲሉኝ ከርመዋል። የእኔም ጉጉት አለበት። አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩባት አውስትራሊያ በእንግሊዝ እስረኞች ጉልበት የተቆረቆረች መሆኗን የማውቀው በወሬ ነበር።

ታሪኩን ለአጎቴ ያወራሁት ወንበራችን ላይ ተደላድለን ነው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ መዝገቡ የእነርሱ ነውና። እንግሊዝ በ1718 ባወጣችው ሕግ ሌቦቿን በመርከብ ወደ አሜሪካ ግዛቶቿ መስደድን መደበኛ ቅጣት አደረገችው። ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው በዚያ መንገድ አለፈ፤ አብዛኛው ሜሪላንድና ቨርጂንያ ወርዶ ለገበሬ ተሸጠ። በ1775 የአሜሪካ ጦርነት ሲነሣ ያ በር ተዘጋ። ወህኒ ቤቶቹ ሞልተው ሲፈሱ ምሰሶቸው የተነቀለ አሮጌ መርከቦች ቴምዝ ወንዝ ላይ ቆመው እስር ቤት ሆኑ። እነርሱም ሞሉ። በመጨረሻ ሜይ 13 ቀን 1787 አሥራ አንድ መርከቦች በካፒቴን አርተር ፊሊፕ አዛዥነት ከፖርትስማዝ ተነሡ። በቴኔሪፍ፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮና በኬፕ ታውን በኩል ዞረው ከስምንት ወር በኋላ ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 ዛሬ ሲድኒ የምትባለው ቦታ ላይ መልሕቅ ጣሉ። ይህ ጉዞ እስከ 1868 ሳይቋረጥ 162,000 ያህል ሰው አጋዘ። ከእነዚህ ውስጥ ከ70,000 በላይ የሚሆነው የወረደው እኛ ነገ በምንወርድባት ደሴት ላይ ነው።

«ምን ሰርቀው ነው?» አሉ አጎቴ።

መሐረብ፣ በግ፣ አንድ ጥቅል ጨርቅ፣ የጌታቸውን ማንኪያ። ቅጣቱ ሰባት ዓመት፣ አሥራ አራት ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ። ሰባት ዓመት የተፈረደበት ሰው ጊዜውን ሳይጨርስ እንግሊዝ ከተገኘ ይሰቀላል፤ ጊዜውን ሲጨርስ ደግሞ የመመለሻ መሳፈሪያ የሚከፍልለት የለም። እንግዲህ ሰባቱም አሥራ አራቱም ለድሃው ያው ዕድሜ ልክ ነበር።

በእኛ አገር ግዞት ማለት ወደ ላይ መውጣት ነበር። ነገሥታቱ ዙፋን ይመኛል ብለው የፈሩትን ወንድም አምባ ግሸን ላይ ያወጡታል፣ በኋላም ወህኒ አምባ። ባሕር የሚያሻግር ግዞት ያመጣብን ጣሊያን ነው። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው በመርከብ ተጭነው ጣሊያን ገቡ፤ አዚናራ ደሴት ላይ የታሰሩ አሉ። ራስ እምሩንም ፖንዛ ደሴት ላይ አስቀምጧቸዋል። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «ከአምባ ላይ ቢያንስ አገርህን ታያለህ» አሉ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ባስ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ተነሣብን። እኔ የወረቀት ከረጢት ይዤ ስታገል አጎቴ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ሞተሩን ያዳምጣሉ። «ደህና ነው፤ እየሠራ ነው» ይሉኛል፣ እኔን ያሳሰበኝ ሞተሩ ይመስል።

ሰኞ፣ ከዴቨንፖርት ወደ ስትራሃን

ስንወርድ ቃሪያችን ተወረሰ። ታዝማኒያ መንገደኛ ፍራፍሬና አትክልት ይዞ እንዲገባ አትፈቅድም፤ ተባይ ትፈራለች። ወሩ ጾም ነውና ሽሮ፣ በርበሬ፣ እንጀራ፣ ቃሪያና ሎሚ ይዘን ነበር። ተቆጣጣሪዋ እንጀራውን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ ፈገግ አለች፤ ሽሮውን አሸተተች፤ ቃሪያውንና ሎሚውን ግን በትሕትና ወሰደች። አጎቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተናገሩት ስለ ቃሪያው ነው።

መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ግማሹን ተኝቻለሁ፣ አጎቴ መንዳት ስለማይችሉ ግማሹን ደግሞ መንገድ ዳር አቁሜ።

ማክሰኞ፣ ሳራ ደሴት

ከስትራሃን በጀልባ ማኳሪ የተባለውን ሰፊ የባሕር ገብ አቋርጠን ሄድን። ገቡ ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኝባት አፍ ጠባብና አደገኛ ናት፤ «የሲኦል በሮች» ይሏታል። ደሴቷ ትንሽ ነች፣ በአንድ ሰዓት ተዞራ ታልቃለች። ከ1822 እስከ 1833 እዚህ ይላክ የነበረው ባሕር ማዶ ተግዞ መጥቶም ዳግመኛ ያጠፋ ነው፤ የግዞተኛ ግዞት ማለት ነው። ሥራው ሁዮን የተባለውን ጥድ ቆርጦ ውኃ ውስጥ ቆሞ መጎተትና መርከብ መሥራት ነበር። ጥዱ ዘይት ስላለው አይበሰብስም። አስጎብኚው ቁራጭ ሰጥቶን አሸተትነው፤ ሽታው ጥድ ጥድ ሳይሆን ጣፋጭ ነገር፣ ዕጣን የነካው ማር የሚመስል ነው። አጎቴ ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

እዚህ የሰማሁትን አንድ ታሪክ ሳልጽፍ አላልፍም። እስር ቤቱ ሲዘጋ ያላለቀች አንዲት መርከብ ቀርታ ነበር፤ ስሟ ፍሬደሪክ። በጃንዋሪ 1834 ሠርተው የጨረሷት አሥር እስረኞች አዛዡንና ጠባቂዎቹን ስንቅ ሰጥተው የብስ ላይ ትተው፣ መርከቧን ይዘው ወጡ። ፓሲፊክን ተሻግረው ቺሌ፣ ቫልዲቪያ አካባቢ ደረሱ፤ መርከቧን እዚያው አሰጠሟት። ከጊዜ በኋላ አራቱ ተይዘው ሆባርት ላይ በባሕር ላይ ውንብድና ተከሰሱ። ቅጣቱ ስቅላት ነው። የመከላከያቸው ክርክር ይኸውላችሁ፦ ፍሬደሪክ ገና ስላልተመዘገበች በሕግ መርከብ አይደለችም፣ የተገጣጠመ እንጨት ናት፤ የወሰድናትም ከወደብ ውስጥ እንጂ ከባሕር ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ውንብድና የለም። ከገመድ ዳኑ።

አጎቴ በሳቅ ፈነዱ። «ጠበቃ ያስንቃሉ! ወረቀት የሌለው መርከብ መርከብ አይደለም፤ እውነታቸውን ነው። እኛ እንኳ ወረቀቱ አንድ ማኅተም ጎድሎት ጅዳ ላይ አራት ቀን ቆመናል።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ሆባርት ነዳሁ። ኩዊንስታውን የተባለችው የማዕድን ከተማ ተራሮች ራቁታቸውን ናቸው።

ረቡዕ፣ ሆባርት

ጠዋት ወደቡ ላይ ከነሐስ የተሠሩ ሴቶችና አንድ ልጅ ቆመው አገኘን፤ ከመርከብ የወረዱ እስረኞች ምስል ነው። ጃፓናዊ የሚመስሉ ጎብኚዎች ከጎናቸው ፎቶ ይነሣሉ። ከቁመታቸው ማነስ የተነሣ ከሩቅ እውነተኛ ሰዎች መስለውኝ ነበር።

ወደዚህች ደሴት ከ12,000 በላይ ሴቶች ተግዘዋል። ሲወርዱ አንዳንዶቹ ለቤት ሠራተኝነት ይከፋፈላሉ፤ ያጠፋች፣ ያረገዘች ወይም አሳዳሪ ያጣች ካስኬድስ ወደሚባለው «የሴቶች ፋብሪካ» ትገባለች። በ1828 የተከፈተ ነው፤ መጀመሪያ የአረቄ መጥመቂያ ነበር። ዌሊንግተን ተራራ ሥር ጸሐይ የማያገኘው ሸለቆ ውስጥ ነው። በእኩለ ቀን ስንገባ ግቢው ግማሹ ጥላ ነበር። የቀረው ነገር ጥቂት ነው፦ ረጃጅም የድንጋይ አጥር፣ ሣር፣ ክፍሎቹ የነበሩበትን የሚያሳይ መሬት ላይ የተሰመረ መስመር። ቅጣቱ ፀጉር መላጨት፣ ብቻ መታሰር፣ የከተማውን ሁሉ ልብስ ማጠብ። ሕፃናቱ ጡት ሲጥሉ ከእናታቸው ይለያሉ፤ ብዙዎቹ በዚያ እርጥበትና መጨናነቅ ሞተዋል። አጎቴ የሕፃናቱ ክፍል የነበረበትን መስመር ላለመርገጥ ዙሪያውን ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

ስለ ሴቶቹ ካነበብኩት ሁሉ የማይረሳኝ ራጃ በተባለች መርከብ በ1841 የመጡት የሠሩት ነገር ነው። ኤልሳቤጥ ፍራይ የምትባል ለእስረኞች የምትቆረቆር ሴት ያቋቋመችው ማኅበር ለሴቶቹ መርፌ፣ ክርና የጨርቅ ቁርጥራጭ ይሰጥ ነበር። ከዚያ ቁርጥራጭ ባሕር ላይ በሚናወጥ ወለል ተቀምጠው ወደ 2,800 በሚጠጋ ቁራጭ አንድ ትልቅ የአልጋ ልብስ ሰፉ፤ ጥለቱ ላይ ለማኅበሩ ሴቶች ምስጋና ጠለፉበት። ዛሬ ካንቤራ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ይገኛል። እናቴ ጥልፍ ታውቃለች፤ በነሐሴ ዝናብ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ እንኳ ክሩ ይጠማዘዝባታል። በማዕበል ላይ የተሰፋ ስፌት ምን ይመስል ይሆን እያልኩ ነበር።

ማታ ሆቴል ውስጥ ሽሮ በትንሽ ምድጃ ሠርተን ስንበላ የሁለተኛውን የመርከብ ጓድ ታሪክ ለአጎቴ አነበብኩላቸው። የጉዞዬ ዋና ነገር ይህ ሆነብኝ።

የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ መርከቦች በደህና ደርሰዋል፤ ካፒቴን ፊሊፕ ገና ከመነሻው ስለ ሥጋና ስለ አትክልት የጨቀጨቀ ሰው ነበር። ሁለተኛው ግን፣ በ1790 የደረሰው፣ በባሪያ ንግድ ለበለጸገ ካምደን፣ ካልቨርትና ኪንግ ለተባለ ኩባንያ በኮንትራት ተሰጠ። ክፍያው በአንድ ሰው 17 ፓውንድ ከ7 ሽልንግ ከ6 ፔንስ። ልብ በሉ፦ የሚከፈለው ለተሳፈረው ራስ ነው፤ ስለሚደርሰው የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ እስረኛው መንገድ ላይ ሲሞት ለኩባንያው ቀለብ ይተርፋል። ሰዎቹን በከባድ ብረት አስረው ከታች ወለል ዘጉባቸው፤ ባሕሩ ሲገባ ውኃ ውስጥ ይተኛሉ። ጎረቤቱ የሞተበት እስረኛ ድርሻውን ለመብላት ሲል ሬሳውን ደብቆ አብሮት ያድር እንደነበር የሲድኒው ቄስ ጽፏል። ከተሳፈሩት 1,000 ያህል ሰዎች ሩብ የሚሆኑት አልደረሱም። የደረሱትም ብዙዎቹ በሸክም ወረዱ። ካፒቴኖቹ ደግሞ የብስ ላይ ሱቅ ከፍተው የተረፈውን ሸቀጥ ቸበቸቡ።

አጎቴ እጃቸውን ከትሪው አነሱ። «ስማ፣ ልጄ፤ ከአሰብ ቡና ስንጭን እያንዳንዱ ከረጢት ይቆጠራል። ሲወርድም ይቆጠራል። አንድ ከረጢት ውኃ ከነካው ከካፒቴኑ እስከ እኛ መከራ ነው። ለቡና ሁለት ጊዜ ይቆጠር ነበር።»

ምን እንዳሰቡ ገባኝ፤ እኔም ያሰብኩት እርሱኑ ነው። ከቦሳሶና ከኦቦክ ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆቻችንን። ደላላው ብሩን የሚቀበለው ጀልባው ሳይነሣ ነው። ማዶ ሳይደርሱ ባሕር ውስጥ ዝለሉ የተባሉ ልጆች ታሪክ ከአንድም ሁለት ቤት ሰምተናል። ስለ ጭካኔ ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን ከጭካኔው በፊት ሒሳቡን ማየት ይሻላል እላለሁ። የእንግሊዞቹ መርከብ ላይ ሞት የቀነሰው ካፒቴኖቹ ሩኅሩኅ ስለሆኑ አልነበረም። በ1814 ሦስት መርከቦች ሬሳና ተስቦ ተሸክመው ሲድኒ ሲደርሱ ዊልያም ሬድፈርን የተባለ ሐኪም ምርመራ አድርጎ ጻፈ። ራሱም የባሕር ኃይል ዐመፅ ውስጥ ገብቶ የተጋዘ እስረኛ የነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መርከብ ለባለቤቱ ሳይሆን ለመንግሥት የሚታዘዝ ሐኪም ተመደበለት፤ ሐኪሙ ጉርሻ የሚያገኘው በሕይወት በወረደው ሰው ልክ ነው። ወለሉ ይታጠባል፣ እስረኛው ፀሐይ ይሞቃል፣ ድድ እንዳይበሰብስ የሎሚ ጭማቂ ይጠጣል። ሞት ከመቶ አንድ ገደማ ወረደ። አራት እስረኞች አሁንም ስድስት ጫማ በስድስት ጫማ የሆነች አንዲት አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ባሕሩም ያው ባሕር ነው። የተለወጠው የቆጠራው ቦታ ነው።

«ሎሚያችንን እኮ ወሰደችው» አሉ አጎቴ። ሳቅን።

ሐሙስ፣ ፖርት አርተር

ከሆባርት የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ። ወደ ልሳነ ምድሩ የሚያስገባው ኢግልሆክ ኔክ ጠባብ የመሬት አንገት ነው፤ ግራና ቀኝ ባሕር። እዚህ ላይ ውሾች በመስመር ታስረው ያድሩ ነበር። ቢሊ ሐንት የተባለ እስረኛ የካንጋሮ ቆዳ ለብሶ እየዘለለ ሊያልፍ ሲል የራባቸው ወታደሮች ሥጋ አገኘን ብለው ጠመንጃ አነጣጠሩ፤ «አትተኩሱ! እኔ ነኝ!» ብሎ እጁን ሰጠ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት አጎቴ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ፖርት አርተር እንዲህ ያለ ውብ ቦታ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ሣሩ የለመለመ፣ ባሕሩ እንደ ጣና ረጋ ያለ፣ ጣሪያ አልባው ትልቅ ሕንፃ ቀይ ጡብ። ከ1830 እስከ 1877 እስር ቤት ነበር። መጀመሪያ በጅራፍ ገዙት፤ በኋላ «የተለየ እስር ቤት» የሚሉትን ሠሩ። ጅራፍ የለም፣ ጸጥታ ነው። እስረኛው በስሙ አይጠራም፣ በቁጥር ነው። ከክፍሉ ሲወጣ ፊቱን ይሸፍናል። ጠባቂዎቹ ድምፅ እንዳይሰማ ለስላሳ ጫማ ያደርጋሉ። ጸሎት ቤቱ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው እንደ ቁም ሳጥን ባለች የእንጨት ክፍል ይቆማል፤ ቄሱን እንጂ ጎረቤቱን አያይም። ገብቼ ቆምኩባት። ትከሻዬ ሁለቱንም ጎን ነካ። አጎቴን ጠራሁ፤ ከጎኔ ካለችው ክፍል «አለሁ» አሉኝ፣ አላየኋቸውም።

ማዶ ፖይንት ፒዩር የሚባለው ምላስ መሬት ይታያል፤ ከ1834 እስከ 1849 የልጆች እስር ቤት ነበር። በጠቅላላው 3,000 ያህል ወንዶች ልጆች አለፉበት፤ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጆችም ነበሩባቸው። ጫማ መስፋት፣ ድንጋይ መጥረብ ይማሩ ነበር። ከዚህ በላይ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘም።

የመቃብር ቦታ የነበረችው ትንሽ ደሴት ከ1,000 በላይ ሰው ይዛለች። ወታደሩና ነጻው ሰው የተቀረጸ ድንጋይ አለው፤ ለእስረኛው ለብዙ ዘመን ድንጋይ አልተፈቀደለትም። ስንመለስ በ1996 እዚሁ ቦታ በአንድ ታጣቂ ለተገደሉት 35 ሰዎች የተሠራው የመታሰቢያ ኩሬ ጋ ቆምን። አጎቴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ዓርብ፣ ሆባርት ቤተ መዛግብትና የመልስ ጉዞ

አንድ ሰው መፈለግ ነበረብኝ፦ ዊልያም ከፌይ። በ1788 ኬንት ውስጥ ተወለደ፤ አባቱ ከካሪቢያኗ ሴንት ኪትስ የመጣ፣ ከባርነት የወጣ ሰው ነው። ጥቁር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ለሠራተኛው የምርጫ መብት የታገለው የቻርቲስቶች ንቅናቄ መሪ ሆኖ በ1848 ዐመፅ አሢረሃል ተባለና ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሆባርት ሲወርድ ከስድሳ ዓመት በላይ ነበረው። ምሕረት ሲወጣለትም አልተመለሰም፤ እዚሁ ሲሰፋና ለሠራተኛ ሲከራከር ኖሮ በ1870 በድሆች መጠለያ ሞተ።

መዝገቦቹ በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ማንም ሰው በነጻ ኮምፒውተር ላይ ያገላብጣቸዋል። የእስረኛው ቁመት፣ የዓይኑ ቀለም፣ ጠባሳው፣ ክንዱ ላይ ያስነቀሰው ስም፣ ሙያው፣ ወንጀሉ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ቅጣቱ በቀጭን ብዕር። ከፌይ ቁመቱ አራት ጫማ ከአሥራ አንድ ኢንች ነበር። ልጅ የሚያህል ሰው ነው መንግሥት ያስደነገጠው!

ወደ ሁለት መቶ ዓመት የተጠጋው የሌባ ቁመት በኢንች ተጽፎ ተቀምጧል። የእኔ አያት በምን ዓመት እንደሞቱ የሚያውቅ የለም፤ «ከብት ያለቀ ዓመት» ይባላል።

አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ። ጽሑፉን አላነበቡትም፤ መስመሮቹን እየተከተሉ «ንጹሕ ጸሐፊ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «የእኔ የመርከበኛ ደብተር አሰብ ቀርቷል። ማኅተሙ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር፤ ሮተርዳም፣ ማርሴይ፣ ቦምቤይ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ እንደገና ባስ ወሽመጥ ላይ ነን። በስተምሥራቅ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ፍሊንደርስ ደሴት አለች። የታዝማኒያ ነባር ሕዝብ ከገዛ ምድሩ ተለቅሞ በመርከብ የተጋዘው ወደዚያች ነው፤ ያለ ፍርድ፣ ያለ ዓመት ገደብ። ከ1833 ጀምሮ ዋይባሌና በተባለ ሰፈር 200 ያህል ሰዎች ተቀመጡ፤ በ1847 ከዚያ ሲወጡ የቀሩት 47 ነበሩ። ነገሩ በዚህ አላለቀም፤ ተወላጆቻቸው ዛሬም ታዝማኒያ ውስጥ አሉ፣ መሬታቸውንም ይጠይቃሉ። የሆባርት ቤት ጥላው ያረፈበት ሁሉ የእነርሱ ነበር።

ወደዚያ አቅጣጫ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ብመለከት የገዛ ፊቴን ነው ያየሁት። አጎቴ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ እንደለጠፉ አንቀላፍተዋል። ንጋት ላይ ድምፅ ማጉያው መኪና ያላችሁ ውረዱ ሲል ባንነው «ደረስን? ሁላችንም?» አሉ።